በእኔ ሞት የተማለበት ባና

በእኛ ጊዜ ሰው ሥራውን በእጁ ብቻ ነበር የሚያውቀው። አባቱ እንዳሳየው ይሠራል፣ ለልጁም እንደዚያው ያሳያል፣ ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እንዲህ ስል ግን ስንዱ ልጄ፣ ያ ስልክሽ ይቀዳል አይደል? ይቅዳ ግዴለም። ግን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ አንዳንዱን ነገር ላሳስት እችላለሁ። ማን ምን እንዳለ፣ የባልን ለሚስት፣ የሚስትን ለባል አድርጌ እናገር ይሆናል። ውሸት አይደለም፣ እርጅና ነው። የምታውቁት ካለ፣ አይደለም እንዲህ ነው በሉኝ፣ አልቀየምም። ስንዱም ስትጽፊው መልሰሽ አንብቢልኝ፣ ሰው በተጻፈ ነገር ነው የሚጣላው፣ በተወራማ ማን ይጣላል፣ ይረሳዋል።

ታዲያ ይህ በረዶ እስኪያባራ መቼም ከዚህ ቤት አትወጡም፣ እስቲ የባናውን ነገር ላጫውታችሁ።

ባና ታውቃላችሁ። ዛሬ ወጣቱ ባይለብሰውም ታውቁታላችሁ፣ ይኸው እኔ የተቀመጥኩበት ነው። ሴቶቹ የበጉን ጠጉር ይፈትላሉ፣ እኛ ወንዶቹ እንሸምናለን። እኔም ከእርሻው ጎን ዕድሜዬን ሙሉ ባና ስሠራ ኖሬያለሁ። ባና ደግሞ ሁለት ቁራጭ ሆኖ ይሠራና፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ይጋጠሙና መሐል ለመሐል ይሰፋል። ለምን? እንጃ። አባቴም እንዲያ ነው የሠራው። ታዲያ አንድ ቀን ጎረቤቴ ጎሹ መጣና ከደጄ ቆሞ ሲያየኝ ቆየ፣ ሲያየኝ ቆየ፣ እና «እሸቴ፣ ባና ለምንድነው ከመጀመሪያው ሰፊ ሆኖ የማይሠራው?» አለኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ እንዲህ ነው» አልኩት።

«እንዲህ ነው መልስ ነው?» አለኝና ሄደ።

እሱ ከሄደ በኋላ የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ እግሬን እንዳስገባሁ ተቀምጬ ሥራዬን አየሁት። እና ነገሩ ምን ሆኖ ተገኘ? ክንዴ! በአንድ እጄ መወርወሪያውን እሰዳለሁ፣ በሌላው እጄ እቀበላለሁ፣ የባናው ስፋት የክንዴ ስፋት ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ስሠራው አላየሁትም ነበር። ተመልከቱ እንግዲህ፣ ሰው የየዕለት ሥራውን አያየውም። ሌላ ሰው መጥቶ ካልጠየቀው አያየውም። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

ጎሹ የማዶው ጎረቤቴ ነው፣ ከጥንት አብረን ያደግን ነን። እሱ ሁሉን ነገር የሚሞክር ሰው ነበር። አንድ ጊዜ «በሬ ትልሙ ጫፍ ሲደርስ መመለሱ ነው የሚያደክመው፣ ለምን ክብ እየዞረ አያርስም?» አለና ማሳውን ከዳር ጀምሮ በክብ ያርሰው ጀመር። ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ፣ ወደ ውስጥ እየጠበበ ሄደና መሐሉ ላይ ሲደርስ በሬዎቹ መዞሪያ አጥተው ቆሙ። ሰዉ ሁሉ ከዳር ቆሞ ይስቃል። «ጎሹ ሆይ፣ ምሳህን እናምጣልህ፣ እዚያው ልትከርም ነው!» ይሉታል። እሱ ቀንበሩን ፈታና ከሁላቸው በላይ እየሳቀ ወጣ። «ተዉኝ፣ አሁን አወቅሁት!» አለ። እኔ ብሆን ኖሮ ዓመት ሙሉ ገበያ አልወጣም ነበር። ሰው እንዲህ ሁለት ዓይነት ነው፣ አንዱ ሲሳሳት አወቅሁ ይላል፣ አንዱ ሲሳሳት አለቅሁ ይላል። እኔ አለቅሁ ከሚሉት ነኝ። አሁንም እንኳ ይህን ሳወራ የበጎቹ በረት ተዘግቶ ይሆን ወይ እያልኩ ነው። ተዘግቷል? እንዲያ ነው፣ ተባረክ።

እና ጎሹ አስካለ የምትባል ልጅ አለችው። አስካለን የራቤል አገር ሰዎች ለልጃቸው ሽማግሌ ልከው ጠየቁ፣ ተፈቀደላቸውም፣ ሠርጉም ለጥር ተቆረጠ። የሠርጉን ነገር ሊጨርሱ በመጡ ቀን እኔም ከጎሹ አጠገብ ተቀምጫለሁ። የሙሽራው አጎት ደጀኔ የሚባል፣ ንግድም የሚነግድ፣ አፉ የማይዘጋ ሰው ነው፣ ግን ክፉ ሰው አይደለም፣ ይህን ጻፊልኝ። ያን ጊዜ ነብር የተሳለበት ከተማ ሠራሽ ብርድ ልብስ ገበያ መግባት የጀመረበት ጊዜ ነው። ታዲያ ደጀኔ ጠላውን ጨልጦ፣

«ለሙሽሮቹ የነብሩን ብርድ ልብስ እኔ አመጣለሁ» አለ።

ጎሹም «ባናማ የእኛ ነው አያ ደጀኔ፣ ልጄ ባና ሳትይዝ ከቤቴ አትወጣም» አለው።

«ባናችሁን ማን ይጠላል አያ ጎሹ፣ ይሞቃል። ግን መሐሉ ስፌት ነው። ስፌት ማለት ደግሞ ድንበር ነው! እሱ ከወዲያ፣ እሷ ከወዲህ ይተኙና እግር ድንበር ያለፈ ለት ክስ ይመጣል። የመንዝን ሰው ታውቁት የለም ወይ፣ ድንበር ካየ ሳይከስ ያድራል?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ድንበር የተካሰሱ ናቸውና ይበልጥ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ጎሹ ግን አልሳቀም። በማሳው ሲሳቅበት አብሮ የሚስቅ ሰው፣ በልጁ ባና ሲሆን አልሳቀም። ብድግ አለና፣

«እኔ ለልጄ ስፌት የሌለው ባና አልብሼ ነው የምድራት! ከዳር እስከ ዳር መርፌ ያልነካው! እሸቴ ይሙት!» አለ።

እሸቴ ይሙት! እኔ እኮ አጠገቡ ነኝ። የጠላውን ዋንጫ አስቀመጥኩ። ሰዉ «አሃ!» አለ፣ ደጀኔም «ሰማችሁ፣ ሰማችሁ፣ ምስክር ናችሁ!» አለ፣ እኔን ግን ማንም አልጠየቀኝም።

እንግዶቹ ሲወጡ ጎሹን ከጓሮ ያዝኩት። «አንተ ሰውዬ፣ ስንት ዘመድ እያለህ በእኔ ሞት ትምላለህ? ወንድም የለህም?»

«የምወደው አንተን ነዋ» አለኝ። «በማይወዱት ሰው ይማላል እንዴ?»

ወደድኩህ ያለኝን ሰው ልሰድበው ነው? ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ታዲያ እኔ እንቅልፍ አጣሁ። መሐላ ቀላል ነገር አይደለም። ሲነጋ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩና የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። «አባ፣ ሰው በሌላ ሰው ሞት ቢምልና ያለው ባይሆን፣ የሚሞተው የቱ ነው? የማለው ነው ወይስ የተማለበት?»

«አንተ ያን ጊዜ ምን ታደርግ ነበር?» አሉኝ።

«ጠላ እየጠጣሁ ነበር አባ።»

«ጾም ነበር?»

«አልነበረም።»

«እንግዲያ አንተ ላይ ነገር የለም። ቀኖናው ለእሱ ነው፣ እሰጠዋለሁ።»

«እሱስ ይሁን፣ እኔ ግን እሞታለሁ ወይ?»

«ትሞታለህ» አሉኝ። ሦስት ጊዜ አማተብኩ። ቢያዩኝ ጊዜ ሳቅ አሉና፣ «ሁላችንም እንሞታለን ልጄ። እስከዚያው ሽመና ታውቅ የለም ወይ? ሂድና ባናውን ሥራ» አሉኝ።

እና ሄድኩ። ምን ምርጫ አለኝ?

የጎሹ ሚስት ዘነቡ የቤቱን በጎች ጠጉር ሁሉ አንድ ሳታስቀር ፈትላ ጨርሳ ነበር፣ ጥቁሩን ለብቻ፣ ዳለቻውን ለብቻ። ከዚያ ሌላ ጠጉር የለም፣ በጎቹ ተሸልተዋል፣ ጠጉሩ እንደገና እስኪበቅል ሠርጉ ያልፋል። ፈትሉን ስታስረክበን ሁለታችንንም አየችንና፣ «ይህን ፈትል ብታበላሹ ሁለታችሁንም በእንዝርት እፈትላችኋለሁ» አለች። እንደምትፈትለን አልተጠራጠርኩም።

ጎሹ ሐሳቡን ጨርሶት ኖሯል። «የአንድ ሰው ክንድ ካልበቃ ሁለት ሰው ይቀመጣላ» አለ። ጉድጓዱን ሰፊ አድርገን ቆፈርን፣ ድሩን ሰፊ አድርገን ዘረጋን፣ ማጉን የምንመታበትን እንጨት እሱ ራሱ ረዥም አድርጎ ጠረበው። ታዲያ ጎን ለጎን ተቀመጥን፣ እኔ በግራ፣ እሱ በቀኝ። እኔ መወርወሪያውን እሰድለታለሁ፣ እሱ ይቀበልና ይመልስልኛል፣ ከዚያ ሁለታችንም እንጨቱን ይዘን አንድ ላይ እንመታለን። ቀላል ይመስላል አይደል? ሞክሩት! የአንዱ እግር ከሌላው እግር እኩል ካልረገጠ ድሩ አይከፈትም። እሱ ቸኩሎ ይረግጣል፣ እኔ በስመ አብ ብዬ እረግጣለሁ።

«በየክሩ በስመ አብ ካልክ እኮ ሠርጉ ቀርቶ ክርስትናው ይደርሳል» ይለኛል።

«አንተ የማልክበት ሰው ብትሆን አንተም ትል ነበር» እለዋለሁ።

ደግሞ ዝም አይልም። «እሸቴ፣ በግ ለምን ቁልቁል ሲወርድ ይፈራል?» ይለኛል። «እሸቴ፣ የሰው እጅ ማሰብ ይችላል ወይ? እኔ ሳላስበው እጄ ሲሠራ አገኘዋለሁ።» እኔ እላችኋለሁ ድሩን ነው የማየው፣ አንድ ክር እንዳይበጠስ ነው የማየው። በልቤ ግን ጥያቄው ይቀራል። ዛሬም ልብሴን ስቆልፍ፣ እውነትም እጅ ያስባል ወይ እላለሁ። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ቆይ፣ ጨዋታውን ልጨርስ።

እንደዚያ እየተነታረክን ከረምን፣ እና ሠራነው። የሠራነው ደግሞ ወዲያው በመጠቅለያው እንጨት ላይ ይጠቀለላል፣ ዐይን የሚያየው ከፊቱ ያለውን ስንዝር ብቻ ነው። ስንዝሩ ያምራል። ስንዝር በስንዝር እያማረ ሄዶ ሄዶ አለቀ። አውርደን፣ ተሸክመን፣ ከጎሹ ደጅ ሣሩ ላይ ዘረጋነው።

ወየው! ጠማማ ነው። በግራ በኩል አጭር፣ በቀኝ በኩል ረዥም። ልክ ሁለት ወንድማማች በዐይን ግምት የተካፈሉት ማሳ ይመስላል። እኔ አንዴ አየሁትና ከድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ።

ጎረቤት መጣ። የሚያየው ሁሉ ራሱን ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፣ ባናውን ያቀና ይመስል። ጎሹ ብቻ እየዞረ ይመረምራል። እጁን በቀኝ በኩል አደረገ፣ እጁን በግራ በኩል አደረገ፣ እና «አወቅሁት! አንተ ነህ!» አለኝ። «ያንተ ወገን ጥቅጥቅ ብሏል። እንደ በርበሬ ነው የምትደቁሰው!»

«እኔ ነኝ? ያንተ ወገን ወንፊት አይደለም ወይ? እንደ ሙሽራ ነው የምትዳብሰው!»

«ባናው ምን አደረገህ? ጠላትህ ነው?»

«አንተስ በበሩ በኩል አላፊ አግዳሚ ስታይ አይደለም ወይ የመታኸው?»

እውነቱ ግን ይህ ነው። እኔ ስጨነቅ እጄ ይጠብቃል፣ እሱ ሲያስብ እጁ ይላላል። አንድ እንጨት ይዘን፣ አንድ ጊዜ እየመታን፣ ባናው የሁለታችንን ጠባይ ለየብቻ አወጣው። ሰው ጠባዩን ይደብቃል ይላሉ፣ እንጃ፣ ከእጁ ሥራ ግን የሚደብቅ አይመስለኝም። ያን ቀን እንዲህ አላሰብኩትም። ያን ቀን ያሰብኩት የቀብሬን ነገር ነው።

አንዱ ጎረቤት «ረዥሙን ቁረጡታ» አለ። ጎሹ ጮኸ። «ከተቆረጠ ጫፉ ይተረተራል፣ እንዳይተረተር ይሰፋል፣ መርፌ ነካው ማለት ነው! መርፌ አይነካውም ብዬ ምያለሁ!»

«በእኔ ነው የማልከው!» አልኩት እኔም ጮኼ።

አስካለ ከበሩ ቆማለች። ሠርጓ ቀርቧል። ደጀኔ መጥቶ ይህን ሲዘረጋው፣ ሰዉ ሁሉ ሲስቅ፣ የምትሄድበት አገር ሰው ሁሉ የጠማማው ባና ሙሽራ ሲላት እያሰበች ይመስለኛል ዐይኗ ሞልቷል። ግን ለአባቷ ምንም አላለችም። ያ ዝም ማለቷ ጎሹን ከደጀኔ ነገር ይልቅ ከበደው። መመርመሩን ትቶ ከባናው ዳር ቁጭ አለ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ከመሐላውም በላይ መሆኑ የገባኝ።

ዘነቡ ግን ከሣሩ ላይ ተንበርክካ የላላውን በኩል በጣቷ ስትነካ፣ ስትጎትት ቆየች። እና «አልረገጣችሁትም እኮ» አለች።

«ምኑን?» አላት ጎሹ።

«ባናውን። ባና ሲያልቅ በሙቅ ውሃ አይረገጥም ወይ? ሲረገጥ አይሰበሰብም ወይ? የላላ ጠጉር ሲረገጥ ከጠበቀው ይልቅ ይሰበሰባል። የላላውን በኩል ብቻ ርገጡት። ያላላኸው አንተ ነህ ጎሹ፣ አንተው ርገጠው!»

ጎሹ ዘነቡን አየ፣ ባናውን አየ፣ «ይሆን ይሆን?» አለ። ዐይኑ ውስጥ ያ የማሳው ሳቅ ተመልሶ መጣ።

ውሃ ተጣደ። ጠፍጣፋው ዐለት ላይ ባናውን አነጠፉትና የላላውን በኩል ሙቅ ውሃ እያፈሰሱ ወንዶቹ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ይረግጡት ጀመር። እኔም ሱሪዬን ሰብስቤ ልገባ ስል ዘነቡ ያዘችኝ። «አንተ አትርገጥ! እግርህም እንደ እጅህ ነው፣ ጨርቅ ሳይሆን ቆዳ ታደርግብናለህ!» ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። እኔም ገመድ ያዝኩ። ገመዱን በጠበቀው በኩል ለክቼ ቋጠርኩት፣ እና በየጊዜው «ቁሙ!» እላለሁ፣ በላላው በኩል እለካለሁ፣ «ገና ነው!» እላለሁ። ይረግጣሉ፣ ይዘፍናሉ። «ቁሙ!» እላለሁ። «ኧረ ይህ ሰው ሰዓት ሆነብን!» ይላሉ። እና ምን አየሁ መሰላችሁ? እየመጣ ነው። ጣት በጣት ወደ ቋጠሮው እየመጣ ነው! እኔ በዕድሜዬ ስንት ባና ሲረገጥ አይቻለሁ፣ ጨርቅ እንዲህ እያየሁት ቦታውን ሲፈልግ ግን ያን ቀን ነው ያየሁት። የማታ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁለቱ ወገን ተካከለ። ጨርሶ ቀጥ አለ አልላችሁም፣ ትንሽ ጎበጥ ያለ ነገር ቀርቶበታል፣ ለአላዋቂ ግን አይታይም። ልቤ ግን አልተመለሰም፣ ደጀኔ ገና አላየውማ።

ሠርጉ ደረሰ። ዳሱ ሞላ፣ የራቤል ሰዎች መጡ፣ የነብሩ ብርድ ልብስ ተዘረጋና ሰዉ አደነቀ። ነብሩ እውነትም ያምራል፣ የሚያምረውን አያምርም አልልም። ከዚያ ጎሹ ባናውን አወጣ። ደጀኔ ተነሣና እጅጌውን ሰበሰበ። ጣቱን መሐሉ ላይ አደረገና ከላይ እስከ ታች ወረደ። የለም። ገለበጠው፣ ከታች ወደ ላይ ወጣ። የለም። «ስፌቱስ?» አለ።

«ፈልገዋ!» አለው ጎሹ።

ደጀኔ ባናውን በራሱ ላይ ጣለና ውስጡ ገብቶ በፀሐዩ በኩል ቆሞ ያይ ጀመር። ከሥር የሚታየን እግሩ ብቻ ነው። «ትወጣለህ ወይስ ልታድር ነው?» ይሉታል። በመጨረሻ ፀጉሩ ቆሞ ወጣና፣ «ስፌት የለውም» አለ። እልልታው ቀለጠ! ጎሹ ሮጦ መጥቶ አንገቴን አንቆ፣ «እሸቴ አልሞተም!» እያለ ዘለለ። ሰዉም ተቀበለው፣ «እሸቴ አልሞተም! እሸቴ አልሞተም!» በሰው ሠርግ ላይ እኔ የተነሣሁ ሙት ሆኜ ዋልኩ።

ደጀኔ ግን ነጋዴ ነው፣ እጁ ያያል። «ቆዩ፣ ቆዩ» አለ። «ይህ ወገን ወፍራም ነው፣ ያኛው ስስ ነው። ተረግጦ ነው መሰለኝ። በሉ እንግዲህ ፍረዱ፣ በወፍራሙ በኩል የሚተኛው ማነው?»

ይህ ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ! ሚዜዎቹ «ሙሽራው ነው፣ በሩን የሚጠብቅ እሱ ነው!» አሉ። ሴቶቹ «ሙሽራይቱ ናት፣ ከቤቷ የወጣችው እሷ ናት!» አሉ። አንዱ ሽማግሌ «ደጀኔ እንዳለው ነው፣ ድንበር ባይኖርም ክሱ አልቀረም» አለ። እንዲያ ሲንጫጩ ከሻሹ ሥር፣ ሙሽራ ዝም በምትልበት፣ አንገት በምትደፋበት ቀን፣ አስካለ ተናገረች። «እናዞረዋለን» አለች።

ሙሽራ ተናገረች! ከዚያ ሙሽራው ሳቀ፣ እና ሁሉም ሳቀ። ዘነቡ ብቻ አልሳቀችም፣ በነጠላዋ ጫፍ ዐይኗን ስትጠርግ አየኋት። ዐይኗ ግን ደስ ብሎት ነው።

ታዲያ እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ነገር ልንገራችሁ። ያን ባና ሁሉ ሰው ወደደው። ከሞላሌም ከዘመሮም ሰው እየመጣ ጉድጓዱን አየ፣ ረዥሙን እንጨት አየ። ግን ማንም አልደገመውም። ማንም! ጎሹ ራሱ መጥቶ «እሸቴ፣ ሁለተኛውን እንጀምር» አለኝ፣ እኔ «ተወኝ ወንድሜ፣ አንዴ ከሞት ተርፌያለሁ» አልኩት። ለምን እንደሆነ ብዙ አሰብኩበት። ጥበቡ ከባድ አልነበረም። ከባዱ ቀኑን ሙሉ ከአንድ ሰው ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ እጅን ማስማማት ነው። ለየብቻ ሠርቶ በኋላ መስፋት ይቀላል። ሰው መስፋትን የመረጠው ለዚህ ይመስለኛል፣ ላሳስት እችላለሁ።

በኋላ ዘነቡ ዐረፈች፣ ነፍስ ይማር። ጎሹ ብቻውን ሲሆን አስካለ መጥታ ወደ ራቤል ወሰደችው። እኔ እዚህ ቀረሁ። ስልክ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም፣ ቢሠራም እሱ ስልክ ላይ ይጮሃል፣ አይሰማኝም። ወሬውን የማገኘው ከመንገደኛ ነበር። የመጨረሻውን የሰማሁት የግንቦት ልደታ ማግስት ነው፣ ይህን አላሳስትም። ጠጉር የምትገዛ አንዲት ሴት ከራቤል መጣችና «አባባ እሸቴ እርስዎ ነዎት? ጎሹ የሚባሉ ሽማግሌ እንዲህ በያቸው ብለውኛል» አለችኝ። እንደ እሱ አድርጋ፣ ድምጿን አወፍራ ነው የነገረችኝ። «በይው፣ የባናው ያንተ ወገን እስከ ዛሬ አልተበላም፣ የእኔ ወገን ግን ይሞቃል። በይው፣ ሰፊ ጉድጓድ ቆፍሬያለሁ፣ በቀኝ በኩል ተቀምጫለሁ፣ በግራው ማንም አይቀመጥም።»

እኔም «እመጣለሁ በይው» አልኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳላስብ ተናገርኩ። በስመ አብም አላልኩ። ከዚያ ወዲህ መንገዱም ስልኩም እንደምታውቁት ተዘጋና፣ ይድረሰው አይድረሰው፣ ይኑር አይኑር፣ ከልደታ ማግስት በኋላ ምንም ወሬ አልሰማሁም።

ስንዱ፣ ምን ትስቂያለሽ?

«አይ አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ብዬ ነው። መንገዱ ተከፍቶ ቢሄዱ፣ ያኔ እጅዎን ላላ ያደርጋሉ?»

እኔ? ለምን ብዬ! እሱ ጠበቅ ያድርግ እንጂ! ሃ ሃ ሃ! እሱ ጠበቅ ያድርግ!